የደም ጋዝ ውጤትን በባሕር ወለል ልክ ማንበብ

የደም ጋዝ መመርመሪያ መሣሪያ ከደም ቅዳ የተወሰደ ጥቂት ደም ተቀብሎ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱን ሲያትም፣ ከወሰን የወጣውን ቁጥር ሁሉ በቀስት ያመለክታል። ቀስቱ ለእርዳታ የተጨመረ ቢሆንም፣ በደጋ ባሉ ሆስፒታሎቻችን ሐኪሙን ሊያሳስት ይችላል ባይ ነኝ።

በወረቀቱ ላይ ጤናማ ተብሎ የሚታተመው ወሰን፣ ማለትም ፒኤች (የደም አሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ7.35 እስከ 7.45፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ አሲድን የሚያለዝበው ባይካርቦኔት ከ22 እስከ 26 ሚሊሞል በሊትር፣ በባሕር ወለል አቅራቢያ ለሚኖር ሰው የተሠራ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየሩ ሲሳሳ ሰው ጠለቅ አድርጎ ስለሚተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይቀንሳል፤ ኩላሊትም ሚዛኑን ለመጠበቅ ባይካርቦኔት ያስወግዳል። ስለዚህ ፒኤቹ 7.40፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 33፣ ባይካርቦኔቱ 20 የሆነ ሰው ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ሲችል ወረቀቱ ሁለት የቁልቁል ቀስት ይሰጠዋል።

የከፋው ግን ቀስት የማይታይበት ጊዜ ነው። አስም የተነሣበት ሰው በፍጥነት ስለሚተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ መውረድ አለበት፤ ትንፋሽ እያጠረው ቁጥሩ 40 ከሆነ የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ እየደከሙ ነው ማለት ነው። ይህ በየትኛውም አገር እውነት ነው፤ መነሻው ዝቅ ባለበት አዲስ አበባ ደግሞ 40 ይበልጥ ያስፈራል። ወረቀቱ ግን ዝም ይላል።

ቆላ መሆንም ከሌላው ስሕተት አያድንም። በኢንፌክሽን ምክንያት የደም ግፊቱ የወረደ ታካሚ ፒኤች 7.40፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 23፣ ባይካርቦኔት 14 ቢኖረው፣ ፒኤቹን ብቻ ያየ ሐኪም ደኅና ነው ብሎ ያልፋል። በደሙ ካሉት ጨዎች ሶዲየሙ 140፣ ክሎራይዱ 104 ከሆነ፣ ከሶዲየሙ ላይ ክሎራይዱና ባይካርቦኔቱ ተቀንሰው የሚቀረው አኒዮን ጋፕ 22 ይሆናል፤ በተለምዶ ከሚጠበቀው 12 ገደማ እጅግ ስለሚበልጥ ሜታቦሊክ አሲዶሲስ፣ ማለትም በደም ውስጥ የአሲድ መከማቸት፣ መኖሩን ያሳብቃል። ባይካርቦኔቱ በ1.5 ተባዝቶ 8 ሲደመርበት አሲዶሲሱ ብቻ ቢሆን የሚጠበቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 29 አካባቢ ስለሆነ፣ 23 መገኘቱ የመተንፈሻ አልካሎሲስም፣ ማለትም ከልክ ባለፈ መተንፈስ የደም አሲድነት መቀነስ፣ እንደተደረበ ያሳያል። ሁለት ሕመም ተካክሶ ፒኤቹን ጤነኛ አስመስሎታል።

ከእጅ አንጓ ደም ቅዳ ደም መውሰድ ከተራው የደም ምርመራ ይልቅ እንደሚያም የተወጋ ያውቀዋል፤ ውጤቱ በግማሽ ሊነበብ አይገባም። ላቦራቶሪዎቻችን ከየከተማቸው ጤነኛ ነዋሪዎች ለክተው የራሳቸውን ወሰን ቢያወጡ፣ የአዲስ አበባው ከድሬዳዋው ይለያል። እስከዚያው ድረስ ሶዲየምና ክሎራይድ ከደም ጋዙ ጋር በአንድ ወረቀት እንዲወጡ፣ የከተማውም ከፍታ ከወሰኑ ጎን እንዲጻፍ ማድረግ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው።