ለጀበና ቡናው ግብረ ኃይል ኒሻን ይሰጥልኝ

አገራችን ባለውለታዋን ቶሎ ትረሳለች። ኮሮና መጣ፣ ከረመ፣ ሄደ ተባለ። ለሐኪሙ ተጨበጨበ። ለነርሷ ተጨበጨበ። ለአምቡላንስ ሹፌሩ ሳይቀር ምስጋና ደረሰው። የእኛን ሰፈር የጀበና ቡና ግብረ ኃይል ግን እስከ ዛሬ ስሙን ያነሳ የለም። ይሄ ግፍ ነው። ሌላው ዝም ካለ እኔ ላንሳው።

ግብረ ኃይሉ የሚሰየመው የካ አባዶ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ሥር፣ አንድ የነተበ ሸራ በተወጠረበት ጥግ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ሰባት ዱካ፣ አንድ ረከቦትና አንድ የከሰል ምድጃ አለው። ቋሚ አባላቱ አምስት ናቸው። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ጋሼ ናቸው። ምክትላቸው የቤት ደላላ ነው። ቀጥሎ አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ አለ። ሚኒባሱን ለሹፌር ሰጥቶ የሚውል ባለንብረትም አለ። አምስተኛው "እህቴ ውጭ አገር ነርስ ናት" የሚል ጎረምሳ ነው። የሕክምናውን ክፍል የሚመራው እሱ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ተባለ። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። መግለጫው ተነቦ ሳያልቅ የእኛ ሰዎች ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። ጋሼ "የቻይናውን በረራ ያኔውኑ ማቆም ነበረባቸው" አሉ። ነጋዴው "አየር መንገዱን አቁመን በምን ልንኖር ነው? ድንጋይ ልንበላ ነው?" አለ። በማግስቱ ሳልፍ ነጋዴው በረራው ይቁም ይላል፣ ጋሼ ደግሞ ስለ ውጭ ምንዛሪ ያስረዱታል። ሌሊት ምን እንደተፈጠረ አላውቅም። ያው ዱካ ላይ ግን ነበሩ።

የግብረ ኃይሉ ብቃት እዚህ ላይ ነው። ሌላው ሰው አንድ አቋም ይይዝና እሱን ሲከላከል ይደክማል። የእኛዎቹ ሁለቱንም አቋም ይይዛሉ፣ በየትኛውም በኩል ቢመጣ መንግሥት ጥፋተኛ ሆኖ ይገኛል። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ሲዘጋ "ልጆቹን ቤት አስቀምጠው ሊያደነቁሯቸው ነው" ተባለ። ሲከፈት "ልጆቻችንን ሊያስጨርሱ ነው" ተባለ። ምርጫው ከነሐሴ 2012 ሲዘዋወር ሥልጣን ማራዘሚያ ነው ተባለ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ሲካሄድ "በዚህ በሽታ ሰው ያሰልፋሉ?" ተባለ። ለሠርግና ለኮንሰርት የምናውቀው ሚሊኒየም አዳራሽ አልጋ ሲደረደርበት "ይሄ ሁሉ አልጋ ለማን ነው? ታማሚው የታለ?" አሉ። ኋላ ጽኑ ሕሙማን ሲበዙ "አስቀድሞ አልጋ የሚያዘጋጅ እንዴት ይጠፋል?" አሉ። ያንንም ይሄንንም ያሉት እነዚያው ሰዎች ናቸው።

የቁጥሩን ነገር እንኳ አታንሱት። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ "ባለፉት 24 ሰዓታት" ብለው ያወጡ ነበር። ግብረ ኃይሉ ይቺን ሪፖርት እንደ ኳስ ውጤት ነበር የሚጠብቃት። "ዛሬ ስንት ገባ?" ይላል ደላላው ገና ሳይቀመጥ። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ በጣት የሚቆጠር ስለነበር "ይደብቃሉ" ተባለ። ቁጥሩ ሲያሻቅብ "ለፈረንጅ ብር ነው የሚያበዙት" ተባለ። እኔ በየዋህነቴ አንድ ቀን "ታዲያ ስንት ቢሆን ነው የምታምኑት?" ብዬ ጠየቅሁ። ዝም ብለው አዩኝ። ቡናዬን ጠጥቼ ሄድኩ።

ጥያቄ አልነበረም እያልኩ አይደለም። ነበረ እንጂ። መጀመሪያ ላይ የተጠርጣሪ ናሙና ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይላክ ነበር። ዳርቻው ላይ ውኃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰው እጁን በምን ይታጠብ? ዕለት ሠርቶ ዕለት የሚበላው ቤት ተቀመጥ ሲባል ምን ይብላ? እነዚህን የሚጠይቅ ሰው አንዳንዴ ወደ ቡናው ይመጣ ነበር። ግን ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል፣ እዚያ ደግሞ አፍ ሞልቷል።

መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። ለአምስት ወር። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል፣ መጨባበጥ ክልክል፣ አደባባይ ያለ ማስክ ክልክል። አምስት አባላት ያሉት ግብረ ኃይል ይበተናል ብዬ ነበር። አላወቅኋቸውም። አምስተኛው ደረጃው ላይ ተቀምጦ "እኔ መንገደኛ ነኝ" ማለት ጀመረ። ሕግ አዋቂ እንዲህ ነው።

ቡና የምታፈላው ልጅ ሕጉን ከምር ወስዳዋለች። ከሰል አንስታ ሲሚንቶው ላይ መስመር አሰመረች፤ "ሁለት የአዋቂ እርምጃ" የተባለውን ራሷ በእግሯ ለክታ። ዱካዎቹን በየመስመሩ ላይ አስቀመጠች። ጠዋት ጠዋት ጋሼ ይመጡና ዱካቸውን ጎትተው ከደላላው ጋ ያስጠጉታል። ለምን? መንግሥት ርቀት ማስጠበቅ እንዳቃተው ሲናገሩ ከሩቅ ስለማይሰማ። ማታ እሷ መልሳ ታራርቀዋለች። ጠዋት ይጎተታል። ይሄ ለአምስት ወር ቆየ። መስመሩ በዱካ እግር ተፍቆ ጠፋ።

ማስኩንስ እንዴት ልርሳ! የዓለም ጤና ድርጅት አፍና አፍንጫ ላይ ይሁን ብሎ ነበር። የእኛ ሊቃውንት ምርምሩን አንድ እርከን ዝቅ አደረጉት። አገጭ ላይ። አገጫችን በዚያ ዓመት በምንም ቫይረስ እንዳልተነካ በሙሉ ልብ መመስከር እችላለሁ። የአንዱ ማስክ ሰማያዊነቱ ለቆ፣ ጠርዙ በቡና ወዝቶ፣ ላስቲኩ ሁለት ቦታ ተቋጥሮ እያየሁት ነበር። ባንክ በር ላይ ወደ አፍንጫ ይወጣል፣ ዘበኛውን ሲያልፍ ይወርዳል። ቤተሰቡ ሁሉ በተራ ነበር የሚወጣበት። የማስኩ ባለቤት ታዲያ "መንግሥት ማስክ በነፃ ማደል ሲገባው!" እያለ ይቆጫል።

ከመገናኛ አባዶ የምትመጣው ሚኒባስ የግብረ ኃይሉ ተንቀሳቃሽ ቅርንጫፍ ነበረች። ሰው በግማሽ ይጫን፣ ታሪፉ እጥፍ ይሁን ተባለ። እጥፉ ወዲያው ተግባራዊ ሆነ። ግማሹ ካራ ሳይደርስ ተረሳ። "ጠጋ ጠጋ በሉ" ይላል ወያላው። ሰው ይጠጋጋል፣ ተጠጋግቶም "ተቆጣጣሪ የለም፣ አገር የለም" ይላል። ወያላው ኪሱ ውስጥ ሁለት ማስክ ይይዛል። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ "ማስክ! ማስክ!" ብሎ ለሌለው ያውሳል። ትራፊኩ ሲታለፍ ይሰበስባል። ለሚቀጥለው ተሳፋሪ መሆኑ ነው።

መስኮት ደግሞ አይከፈትም። ይሄ የኮሮና ጉዳይ አይደለም፣ የቆየ እምነት ነው። እኛ ከብርድ ጋር እንጂ ከቫይረስ ጋር የቂም ታሪክ የለንም። አንድ ቀን ደፍሬ ከፈትኩ። ከኋላዬ ያሉ እናት "ልጄ፣ ዝጋልኝ፣ ጎኔን ሊመታኝ ነው" አሉ። ዘጋሁ። በየካ ኮተቤ ሆስፒታል አካባቢ ስናልፍ ደግሞ ጣት የምታህል ክፍተት የነበራት መስኮት እንኳ ተዘጋች። በሽታው ከግቢው ዘሎ እንዳይገባ ነው። አሥራ ምናምን ሰው እርስ በርስ እየተነፈስን በሰላም አለፍን።

ሬዲዮው ያኔ "እጃችንን እንታጠብ፣ ርቀታችንን እንጠብቅ" ይላል። አንዱ ተሳፋሪ ለጓደኛው "ይሄ ሕዝብ ምን ያድርግ? ያስተማረው የለም እኮ!" እያለ ነው። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞሮ፣ "ወንድሜ፣ ሬዲዮኑን ቀንስልን፣ መደማመጥ አልቻልንም።" ስልኩን አውጥቶ ሊደውል ሲል ደግሞ ከጥሪው በፊት ያቺ የታወቀችው የኮሮና መልእክት መጣች። ከጆሮው አራቀና እስክታልቅ ጠበቀ። ያስተማረው የለም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያስመሰግናቸዋል። ሦስተኛ ፎቅ አንዲት ነርስ አለች። ከሕክምና ማዕከል ለሳምንታት ሳትወጣ ቆይታ አንድ ጠዋት መጣች። ፊቷ ላይ የማስኩ ጠርዝ ምልክት ከአፍንጫዋ እስከ ጉንጯ ተስሏል። በእጇ አንድ ፌስታል ይዛለች፣ ዳቦ ይመስለኛል። ግብረ ኃይሉ ሲያያት ዱካውን አንስቶ ወደ ግድግዳው ሸሸ። በዚያ ሰፈር ሁለት የአዋቂ እርምጃ ሲጠበቅ ያየሁት ያኔ ነው። እንዲያውም አራት ይሆናል።

ከዚያ ከርቀት፣ በትሕትና፣ "እህቴ፣ አንቺ እንኳ እውነቱን ንገሪን፣ በሽታው አለ ወይ?" አሏት። አልመለሰችም። ጎረምሳው ስለ መተንፈሻ ማሽን ያስረዳት ጀመር። እህቱ እንዳለችው ከሆነ ማሽኑ ነው ሰዉን የሚጎዳው። ነርሷ ግድግዳውን ተደግፋ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ "እሺ" ብላ ደረጃውን ወጣች። "አየህ፣ አልካደችም" አለ ደላላው።

ክትባቱ የካቲት 28 ቀን 2013 ገባ። 2.2 ሚሊዮን ገደማ የአስትራዜኔካ ክትባት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የሰፈሩ ወቀሳ "ሀብታሞቹ ተከትበው ጨረሱ፣ እኛን ማን ያስበን?" የሚል ነበር። ሲገባ "ለምን ቸኮሉ? ለምን እኛ ላይ?" ሆነ። የሲሚንቶ ነጋዴው "ምን እንዳለበት ሳላውቅ ሰውነቴ አላስገባም" አለ። ይህን ያለው ካፊያ ሲጥል ብርድ ማባረሪያ ብሎ ስሙ ያልተጻፈበት ጠርሙስ እየቀዳ ነው። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ በአንድ ማሰሮ ደባልቆ ለሰፈሩ ያደለውም እሱ ነው። የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ሰማይ ሲወጣ መንግሥትን የወቀሰውም እሱ ነው።

ጋሼ ታሪክ ያውቃሉ። የ1911ዱን የኅዳር በሽታ ከአባታቸው ሰምተዋል። ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው የዳኑበትን። "ያኔ ምን ግብረ ኃይል ነበረ? አጠንን፣ ሄደ" ይላሉ። እናም ኅዳር 12 ቀን 2013 ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አጠነ። ቅጠል ብቻ መስሏችሁ እንዳይሆን። የውኃ ፕላስቲክ፣ ያረጀ ጫማ፣ የፍራሽ ስፖንጅ። የመተንፈሻ አካል በሽታን በጥቁር ጭስ ገጠምነው። ሁሉም ሳለ። ጋሼም ሳሉ። ያን ቀን ነው ማስክ አፍና አፍንጫ ላይ ተስተካክሎ ሲደረግ ያየሁት። ለጭሱ።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 አስቸኳይነቱ አብቅቷል አለ። ግብረ ኃይሉ ግን አልተበተነም። ወደ ዶላርና ወደ ኮሪደር ልማት ዞረ እንጂ። ኅዳር 2018 ላይ ጂንካ የማርበርግ በሽታ ተገኘ ሲባል በአንድ ጠዋት ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ። እኔም ናፍቆኝ ሄድኩ።

"አሁንም ያው ናቸው። አንድ የእጅ መታጠቢያ እንኳ አላዘጋጁም" ይላሉ ጋሼ።

ከጎናቸው ሰማያዊ በርሜል አለ። በ2012 ነዋሪው አዋጥቶ የገዛው ነው፣ ባለ ቧንቧ፣ መግቢያው ላይ ይቆም የነበረ። ማን ይሙላው በሚል ሦስት ቀን ባዶውን ተከራከርንበት። ቡና የምታፈላው ልጅ ከራሷ ጀሪካን ሞላችው። በሁለተኛው ሳምንት ቧንቧው ተነቅሎ ተወሰደ። ቀዳዳው ላይ ጨርቅ ወትፋ ስኒ ታለቀልቅበታለች።

"ቧንቧውን መንግሥት መተካት ነበረበት" አለ ባለሚኒባሱ።

ልጅቷ በጣሳ ውኃ ቀድታ መጣች። ሳሙናም ይዛለች። "ጋሼ፣ እጅዎን" አለች። ጋሼ ሁለት ጣት ዘረጉ፣ ንግግራቸውን ግን አላቋረጡም።