ሥልጣን ሲበላሽ፦ በእንስሳ ተረት ወይስ በሰው ስም?

የክርክሩ ጥያቄ ይህ ነው፦ አብዮት ሥልጣን ይዞ እንዴት እንደሚበላሽ በልብወለድ ለማሳየት ምሳሌያዊ ተረት ይሻላል ወይስ ሰዉንም ቢሮውንም በስሙ መጥራት? ተከራካሪዎቹን በሰፈራቸው እንጠራቸዋለን።

የፒያሳው፦ ተረቱ ይሻላል። የእኛ ዘመናዊ ቲያትር ራሱ ሀ ብሎ የጀመረው በአውሬ ነው። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» አስተዳደሩን በእንስሳት አፍ ሲሸነቁጥ ንግሥት ዘውዲቱ ከለከሉት።

አሠራሩን ለማየት ኦርዌል በ1945 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «አኒማል ፋርም» እንውሰድ፤ የእርሻ እንስሳት ሰውን ጌታቸውን አባርረው፣ አሳማዎቹ ሥልጣኑን የሚይዙበት ተረት ነው። መጀመሪያ ሰባቱ ትእዛዛት ግድግዳ ላይ ይጻፋሉ፤ አንባቢ ያነባቸዋል፣ በቃሉ ይይዛቸዋል። አሳማዎቹ ወተቱንና ፖሙን ለራሳቸው ሲያስቀሩ ገና ማንም አልሞተም፣ ብልሽቱ ግን ጀምሯል። ቆይቶ «ማንም እንስሳ አልጋ ላይ አይተኛም» በሚለው ላይ «ከነአንሶላው»፣ «ማንም እንስሳ ሌላውን አይገድልም» በሚለው ላይ «ያለ ምክንያት» ይጨመራል። ጀማሪ ጸሐፊ የሚስተው ይህን ነው። ሕጉን ሳያስጠና መጣሱን ያሳያል፤ አንባቢውም ምን እንደተሰረቀበት አያውቅም።

የአራት ኪሎዋ፦ ስለ ግድግዳው ልክ ነዎት። ግን እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ እንስሳ ሳያስፈልገው ተፈጽሟል። ደርግ «ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ያለ ምንም ደም» እያለ መጣ። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይን በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት አወጣ፤ ኅዳር 14 ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ተረሸኑ። «ትቅደም» ቀረ፣ «ያለ ምንም ደም» ተበላ።

ተረቱ የሚደብቀው ሥልጣን በየት በኩል እንደሚበላሽ ነው። አሳማ አሳማ ስለሆነ ይበላል፤ ሰው ግን የሚበላሸው በማኅተምና በወረቀት ነው። አዋጅ ቁጥር 47 በ1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ለተከራዩ ደኻ ታስቦ ነበር። ከዚያ የቀበሌው ሊቀመንበር ምን በእጁ እንደገባ ይቁጠሩልኝ፦ የቤት ኪራይ፣ መታወቂያ፣ የኅብረት ሱቁ ስኳርና ዘይት፣ በዚያ ላይ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጥበቃ። ስኳር የሚሰጥዎና የሚያስርዎ አንድ ሰው ከሆነ ጉቦ መጠየቅ እንኳ አያስፈልገውም፤ ባለጉዳዩ ራሱ ይዞ ይመጣል። እስቲ ይህን በአሳማና በፈረስ ያሳዩኝ!

የፒያሳው፦ በስም የጻፈውስ ምን ሆነ? በዓሉ ግርማ በ1975 «ኦሮማይ»ን አወጣ፤ ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ያውም ባለሥልጣናቱ ራሳቸውን በሚያውቁበት መልክ። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እሱ ከሥራው ተባረረ፣ የካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ። እህቴ፣ ተረት እኮ ጋሻ ነው።

የአራት ኪሎዋ፦ ምን ዓይነት ጋሻ? «ፋቡላ» መከልከሉን የነገሩን እርስዎ ነዎት። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም»ም ታግዷል፤ ማኅፀን ውስጥ ሆኖ አልወለድም ብሎ ከሚሟገት ፅንስ የበለጠ ምን ምሳሌ ይኑር? ሳንሱር የሚያነብ ሰው ሞኝ አይደለም።

ሌላም አለ። የ«ኦሮማይ» ዋና ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ የፕሮፓጋንዳው ኃላፊ ነው፤ እምነቱ እንዴት እንደሚሸረሸር ከውስጥ እናያለን። የኦርዌሉ ለፍላፊ አሳማ ስኩዊለር ግን የሚለውን ይመን አይመን እስከ መጨረሻው አይታወቅም።

የፒያሳው፦ አይታወቅም፣ ምክንያቱም ተረቱ የሚታየው ከሰሚው በኩል ነው። አብዮት አደባባይ ቆሞ ያጨበጨበ ሁሉ የተናጋሪውን ሆድ አይቷል እንዴ?

የፈረሱን የቦክሰርን መጨረሻ ይመልከቱ። ሆስፒታል ይወስደዋል የተባለው መኪና ጎኑ ላይ የአራጁ ስም ተጽፏል፤ እንስሳቱ ግን «ደህና ሁን ቦክሰር!» እያሉ ይሸኙታል። አህያው ጮኾ ሲያነብላቸው ነው የሚባንኑት። ከቀናት በኋላ ስኩዊለር መጥቶ፣ መኪናውን ሐኪሙ ከአራጁ ገዝቶት ነው፣ የድሮውን ጽሑፍ ገና አላስጠፋም ይላቸዋል፤ እፎይ ይላሉ። ይህ ከቀበሌ ማስታወቂያ በምን ያንሳል?

የአራት ኪሎዋ፦ በጸሐፊው ያንሳል። ማስታወቂያውን የሚለጥፈው የቀበሌ ሠራተኛ የሚያሳድጋቸው ልጆችና የሚፈራው ሊቀመንበር አሉት፤ ውሸት መሆኑን እያወቀ ለምን እንደሚጽፍ ልንረዳለት እንችላለን። ስኩዊለር ያለው ጅራት ብቻ ነው፣ እሱንም ያወዛውዛል።