እኩል የማይመዘነው የከብት አርቢው ድምፅ

በዋዮሚንግ ግዛት፣ በቢግሆርን ተራሮች ግርጌ የሚገኘው ጆንሰን ካውንቲ እና በካሊፎርኒያ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ፣ ከኦሪገንና ከኔቫዳ ጋር የሚዋሰነው ሞዶክ ካውንቲ መንታ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያው 8,447፣ ሁለተኛው 8,700 ነዋሪዎች ነበሩት። ሁለቱም እያንዳንዳቸው ከ10 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋሉ።

ኑሯቸውም አንድ ዓይነት ነው። የበረዶውን ወራት ድርቆሽ እየተጣለላቸው ያሳለፉ ላሞች በፀደይ ይወልዳሉ፤ ጥጆቹ በጋለ ብረት የባለቤታቸው ምልክት ይተኮስባቸዋል፤ ሣሩ ሲደርስም መንጋው ወደ ተራራው ይነዳል። ከግጦሹ ብዙው የፌዴራል መንግሥት መሬት በመሆኑ አርቢው ፈቃድ አውጥቶ ይከፍላል። በ2024 ለአንዲት ላም ከነጥጃዋ የአንድ ወር የግጦሽ ክፍያ 1 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነበር፤ ይህም በጆንሰን የሚያረባውን ከሞዶኩ አይለይም። ፈቃዱን የሚሰጡትና የሚነፍጉት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ተጠሪነታቸው በስተመጨረሻ ለአንድ ሰው፣ ለፕሬዚዳንቱ ነው።

በፖለቲካም ቢሆን አይራራቁም። በ2020 በሁለቱም ካውንቲዎች ድምፅ ከሰጡት አሥር ሰዎች ከሰባት የሚበልጡት የመረጡት ዶናልድ ትራምፕን ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ድምፁ ከኮሮጆው ከወጣ በኋላ ነው።

ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ የሚመርጡት ዜጎች ሳይሆኑ በየግዛቱ የሚደለደሉ 538 ወኪል መራጮች መሆናቸው ይታወቃል። በአሁኑ ድልድል ዋዮሚንግ 3፣ ካሊፎርኒያ 54 ወኪሎች አሏቸው። ይህ በሕዝብ ብዛት ሲካፈል በዋዮሚንግ አንድ ወኪል ለ192 ሺህ ሰው ገደማ፣ በካሊፎርኒያ ግን ለ732 ሺህ ሰው ገደማ ይደርሳል። የባሰው ግን ይህ አይደለም። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር ሁሉም ግዛቶች አሸናፊው የግዛቱን ወኪሎች በሙሉ እንዲጠቀልል ያደርጋሉ። በ2020 ለትራምፕ ከፍተኛውን የድምፅ ቁጥር የሰጠችው ቴክሳስ ወይም ፍሎሪዳ ሳትሆን ካሊፎርኒያ ነበረች፤ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መርጠውት አንድም ወኪል አላስገኙለትም። በዋዮሚንግ 193 ሺህ ገደማ ድምፅ ሦስቱንም ወኪሎች አስገኝቶለታል። የሞዶክ አርቢዎች ድምፅ ከእነዚያ 6 ሚሊዮን ጋር ተደምሮ ቀርቷል።

የዚህ ሥርዓት ደጋፊዎች ዘወትር የሚያነሡት መከራከሪያ ገጠሩን ከትልልቅ ከተሞች ጫና ይጠብቃል የሚል ነው። ገጠሩን የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን ካውንቲዎች እንዲህ ባልለያያቸው ነበር። ሥርዓቱ የሚያየው የግዛት ወሰንን እንጂ ላሙን፣ ሣሩንና የአርቢውን ችግር አይደለም።

ታዲያ ጆንሰን ካውንቲ ተጠቃሚ ነው? ዋዮሚንግ ዴሞክራት ፕሬዚዳንት የመረጠችው ለመጨረሻ ጊዜ በ1964 ነው፤ ካሊፎርኒያም ሪፐብሊካን የመረጠችው ለመጨረሻ ጊዜ በ1988 ነው። ውጤቱ አስቀድሞ በሚታወቅበት ቦታ ዕጩ ጊዜውን አያጠፋም። በ2024 ሩጫው በሰባት ግዛቶች ላይ ያተኮረ ነበር፤ ሁለቱም በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ዜግነት አግኝቶ ከሰባቱ አንዷ በሆነችው በኔቫዳ፣ ላስ ቬጋስ የሚኖር ወገናችን የዕጩዎቹ ቅስቀሳ ደጁ ድረስ ሲመጣለት፣ ሎስ አንጀለስ ያለች እህቱን የሚያስታውሳት ዕጩ የለም።

የሞዶክ ሰዎች ብሶት የቆየ ነው። በ2013 የካውንቲው የበላይ ተቆጣጣሪዎች ቦርድ ከካሊፎርኒያ ተገንጥሎ ጄፈርሰን የሚባል አዲስ ግዛት የመመሥረቱን ሐሳብ በድምፅ ደግፏል። በኅዳር 2025 ደግሞ የካሊፎርኒያ መራጮች፣ ቴክሳስ ለሪፐብሊካኖች እንዲመች አድርጋ ላወጣችው የምርጫ ክልል ካርታ አጸፋ እንዲሆን፣ የራሳቸውን ክልሎች ለዴሞክራቶች እንዲመች የሚከልለውን ፕሮፖዚሽን 50 የተባለ የሕዝብ ውሳኔ አጽድቀው ሞዶክን ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ ካለው ከማሪን ካውንቲ ጋር በአንድ የምክር ቤት ክልል አጣመሩት። ቴክሳስ መጀመሯን ባልክድም፣ የሞዶክ ዋና ከተማ የሆነችውን የአልቱራስን አርቢ የቅጣቱ ከፋይ ማድረግ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ወኪሎቹ እንደ ሜይንና ነብራስካ በምርጫ ክልል ይከፋፈሉ የሚለውን የማሻሻያ ሐሳብ የማልቀበለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፕሬዚዳንቱን የመምረጥ ሥልጣን ካርታ ለሚሥለው እጅ ተላልፎ ይሰጣል።

የሚሻለው መንገድ በግዛቶች መካከል የተጀመረው የብሔራዊ የሕዝብ ድምፅ ስምምነት ነው። ሕገ መንግሥቱ ወኪሎች የሚሰየሙበትን መንገድ ለግዛት ምክር ቤቶች ስለተወላቸው፣ ፈራሚዎቹ ወኪሎቻቸውን በአገር አቀፍ ደረጃ ብዙ ድምፅ ላገኘው ዕጩ ለመስጠት ይስማማሉ፤ ስምምነቱ የሚጸናውም የፈራሚዎቹ ወኪሎች ድምር ለማሸነፍ የሚበቃውን 270 ሲሞላ ነው። በ2024 ሜይን ስትቀላቀል ድምሩ 209 ደርሶ ነበር። የፍርድ ቤት ሙግት እንደሚገጥመው እገምታለሁ፤ ሆኖም አንዱን ፓርቲ ለመጥቀም የታለመ ነው የሚለው ክስ አያሳምነኝም። በ2000 አል ጎር፣ በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ብዙ ድምፅ አግኝተው መሸነፋቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን በ2004 በኦሃዮ 60 ሺህ ያህል ሰዎች ሐሳባቸውን ቀይረው ቢሆን ኖሮ ጆርጅ ቡሽ በ3 ሚሊዮን ድምፅ እየመሩ ይወድቁ ነበር።

በዚህ ለውጥ የጆንሰን ካውንቲ መራጭ በወረቀት ላይ ያለው ብልጫ ይቀርበታል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሁለቱ የሴኔት መቀመጫዎቹ ግን አይነኩበትም። ካሊፎርኒያ ስምምነቱን በ2011 ተቀብላለች፤ ዋዮሚንግ አልተቀበለችም። የጆንሰን ካውንቲ ዋና ከተማ የቡፋሎ አርቢዎች በዋዮሚንግ መዲና በሸየን ያሉ ተወካዮቻቸውን ሊጠይቁ የሚገባው፣ ይህ ብልጫ ከ1964 ወዲህ አንድ ዕጩ እንኳ ስለ ግጦሽ ፈቃዳቸው ሊያነጋግራቸው እንዲመጣ አድርጎ እንደሆነ ነው።