የአስቤዛው ብር ከመነካቱ በፊት

በድሬዳዋ ቤቶች «ወጪ መቀነስ አለብን» የሚለው ቃል ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ወር በተጋመሰ ሰሞን፣ ደመወዙ አልቆ የሱቁ የዱቤ ደብተር መሙላት ሲጀምር ነው። ቃሉን የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ሲሆን፣ ቅነሳው የሚያርፈው ግን እማወራዋ በምትይዘው የአስቤዛ ብር ላይ ነው። መጀመሪያ ሥጋ ይቀራል፤ ከዚያ የልጆቹ ወተት ከሊትር ወደ ግማሽ ሊትር ይወርዳል፤ ቀጥሎ እንቁላል ለበዓል ብቻ የሚገዛ ነገር ይሆናል፤ በመጨረሻም ዘይቱ በማንኪያ ይለካል። እኔም ለዓመታት በዚሁ መንገድ ሄጃለሁ፤ አሁን ግን ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ መሆኑን አምኛለሁ። የወር ገቢው የጠበበ ቤተሰብ ወጪውን መቀነስ ካለበት፣ መጀመር ያለበት ማንም «ወጪ» ብሎ ከማይጠራቸው፣ በአባወራው ኪስ በኩል በየቀኑ ከሚወጡት ብሮች እንጂ ከድስቱ አይደለም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ከዚያ ቀደም ብሎ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነው የደመወዝ መጠን ከ600 ወደ 2,000 ብር በማደጉም ተቀጣሪው ጥቂት ተንፍሷል። ይሁን እንጂ ከ11,500 ብር ላይ ሰባት በመቶ የጡረታ መዋጮና የሥራ ግብር ሲነሣ እጅ ላይ የሚደርሰው 8,600 ብር ገደማ ነው። በሌላ በኩል ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከመስከረም 2017 ጀምሮም የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲስተካከል ተወስኗል። የምንዛሪው ለውጥ ድሬዳዋን የሚነካበት የራሱ መንገድ አለው። ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተወለደች እንደመሆኗ፣ ሩዙም መኮሮኒውም ዘይቱም ከጅቡቲ በኩል እየመጣ የዕለት ምግባችን ሆኖ ኖሯል፤ «ድሬ ርካሽ ናት» የሚባለውም በአብዛኛው በዚሁ በኩል በሚገባው ዕቃ ምክንያት ነበር። ከውጭ የሚገባ ነገር ሲወደድ ከሌላው ከተማ ይልቅ የእኛ ማዕድ ፈጥኖ ይሰማዋል።

እንግዲህ 8,600 ብር የሚገባበትን አንድ ቤት እንውሰድ። የቤት ኪራይ ተከፍሎ የልጆች ትምህርት ቤት ወጪ ሲነሣ የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ እያንዳንዱ አንባቢ በራሱ ቤት ልክ ያውቀዋል። እኔ ማንሣት የምፈልገው በዚህ ሒሳብ ውስጥ የማይጻፈውን ወጪ ነው፤ ከእነዚህም ቀዳሚው ጫት ነው። ይህን ስጽፍ ጫት የሐረርጌ ገበሬ ትልቅ የገቢ ምንጭ መሆኑን፣ አወዳይ ላይ ከሚጭነው ወጣት አንሥቶ በከተማችን መንገድ ዳር ጥላ ዘርግተው እስከሚሸጡት እናቶች ድረስ ስንት ቤት በእሱ እንደሚተዳደር ሳልዘነጋ ነው። በርጫም ሰው የሚገናኝበት፣ የታመመ ጎረቤት ወሬ የሚሰማበት፣ ሥራ የሚፈላለግበት ስፍራ መሆኑን ከውስጡ ስለኖርኩበት አውቀዋለሁ። የምናገረው ስለ ሒሳቡ ነው። አንድ ሰው በቀን የ150 ብር ጫት ቢቅም በ30 ቀን 4,500 ብር ያወጣል፤ ይህም ከ8,600 ብር ከግማሽ በላይ ነው። ውኃው፣ ለስላሳው፣ ለውዙ፣ ሲጋራውና ማታ ምርቃናውን ለመስበር «ለጨብሲ» የሚወጣው ሲታከልበት የት እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም።

ይህ ወጪ ሳይታይ የሚቀረው በጥቂት በጥቂቱ፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ ደረሰኝም ደብተርም በሌለበት ስለሚወጣ ነው። የወተት ዋጋ ሲጨምር ቤቱ ሁሉ ይነጋገርበታል፤ የዙርባው (የጫት እስሩ) ዋጋ ሲጨምር ግን የሚያውቀው ቃሚው ብቻ ነው። ሚስት የሽንኩርቱን ሒሳብ ብር በብር ስታስረዳ፣ ባል የከሰዓቱን ወጪ የሚጠይቀው ሰው የለም። በየቀኑ ከመቃም በሳምንት ሦስት ቀን ወደ መቃም የወረደ ሰው፣ በዚያው በ150 ብር ስሌት፣ በወር 13 ቀን ያህል ብቻ ስለሚያወጣ ወጪው ወደ 1,950 ብር ይወርዳል፤ የሚተርፈው 2,550 ብር የአንድ ቤት የወር ወተትና እንቁላል የሚመልስ ገንዘብ ነው። ፈጽሞ ያቆመ ሰው የሚያተርፈውን መናገር አያስፈልግም።

ይህን የምለው በራሴ ስላየሁት ነው። በ2017 ጥር ወር እኔና ባለቤቴ የየራሳችንን ደብተር ይዘን ለ30 ቀን የምናወጣትን እያንዳንዷን ብር ለመጻፍ፣ ወሩ እስኪያልቅም አንዳችን የሌላውን ደብተር ላለማየት ተስማማን። ባለቤቴ ወሩ ከመጀመሩ በፊት የምታወጣውን በግምት ተናግራ ነበር፤ ወሩ ሲያልቅ ግምቷ ከእውነቱ የተለየው በመቶ ብር እንኳን አይሞላም። እኔ «ከሁለት ሺህ ብር አይበልጥም» ያልኩት ወጪ ግን 3,870 ብር ሆኖ ተገኘ። በውስጡ ጫቱ አለ፤ በቀትር ሙቀት በኮንትራት የተሳፈርኩበት ባጃጅ አለ፤ የሞባይል ካርድ አለ፤ ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን «አቦ፣ ዛሬ እኔ ነኝ» እያልኩ ለሌሎች የከፈልኩት ሻሂ፣ ቁርስና ምሳ ነበር። የድሬ ልጅ እጁ የማያጥር መሆኑን እወደዋለሁ፤ እንዲጠፋም አልሻም። ነገር ግን በዚያ ወር ለጓደኞቼ የከፈልኩት ምሳ፣ ከልጆቼ ላይ «ተወደደ» ብዬ ያስቀረሁትን እንቁላል ሊገዛ ይችል እንደነበር በደብተሩ ላይ ሳነብ ያፈርኩት በባለቤቴ ፊት ነው። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ «ብሩን ምን አደረግሽው?» ብዬ እንደጠየቅኋት አስታውሳለሁ፤ እሷ አንድም ቀን መልሳ አልጠየቀችኝም።

ስለ መብራት የምናደርገው ቁጠባም እንዲሁ የተሳሳተ ቦታ ላይ ያርፋል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው የድሬ ሙቀት ሰዎች ሕፃናት በላብ ተነክረው እያደሩ ማራገቢያ ያጠፋሉ፤ «ቆጣሪው ይበላል» ይባላል። አንድ የጠረጴዛ ማራገቢያ የሚወስደው 60 ዋት ገደማ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ስለዚህ ምጣዱ ለአንድ ሰዓት ብቻ የሚፈጀው ማራገቢያውን 50 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያዞራል። መቆጠብ የሚፈልግ ቤት ማራገቢያውን ትቶ ጋገራውን ማሰብ አለበት፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር አንድ ጊዜ በብዛት ቢጋገር፣ ምጣዱ እስኪግል የሚባክነው ኃይል አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል፤ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ምጣድ ተከታትለው ቢጋግሩ ደግሞ የበለጠ ይተርፋል። ከዚህ ጋር ሊነሣ የሚገባው የጋራ ቆጣሪ ጉዳይ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ እርከን የተከፈለ በመሆኑ ፍጆታው ባደገ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ እያንዳንዱ ለብቻው ቢሆን በዝቅተኛው እርከን ሊቀር የሚችል ሆኖ ሳለ፣ ተደምረው የትልቅ ተጠቃሚ ዋጋ ይከፍላሉ። አምፖል በማጥፋት የማይፈታ ነገር ነው፤ ለተከራዮች የየራሳቸው ቆጣሪ የሚያገኙበት መንገድ ቢቀልላቸው ከብዙ የቁጠባ ምክር ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

ወደ ማጀቱ ስንመለስ፣ እዚያም የሚቀነስ ወጪ የለም ማለቴ አይደለም፤ የሚቀነሰው ግን የምግቡ መጠን ሳይሆን የምንገዛበት ዋጋ ነው። ገንዘብ ያጠረው ሰው ሁሉንም ነገር በትንሽ በትንሹ ስለሚገዛ ለአንድ ኪሎ የሚከፍለው ገንዘብ ካለው ሰው ይበልጣል። ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ፣ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ፣ ስኳርና ቡና በሩብ ኪሎ፣ ያውም በዱቤ ይወሰዳል። የዱቤ ደንበኛ ደግሞ መከራከር አይችልም፤ ባለሱቁ በነገረው ዋጋ ይወስዳል፣ ሌላ ሱቅ ሄዶ ዋጋ ማነጻጸርም ያፍራል። የእሁድ ገበያ መኖሩ መልካም ነው፤ ሆኖም እሁዱ ደመወዝ ካለቀ በኋላ ከሆነ ዋጋው ቢቀንስም የሚገዛበት ብር የለም። ስለዚህ ከደመወዙ ላይ በመጀመሪያው ቀን የእህሉን፣ የዘይቱንና የሳሙናውን ግዢ በአንድነት ፈጽሞ፣ የቀረውን በየሳምንቱ ከፋፍሎ ማስቀመጥ፣ ሙሉውን ብር ይዞ እስኪያልቅ ድረስ ከሱቅ በየዕለቱ ከመግዛት የተሻለ ነው። የቀፊራ ገበያም የራሱ ሰዓት አለው። ከገጠር አትክልት ይዘው የመጡት እናቶች ወደ ቤታቸው ለመመለስ በሚቸኩሉበት ሰዓት የሚሰጡትን ዋጋ ጠዋት ላይ አይሰጡም።

እንጀራን በተመለከተ ደፍሬ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ከተማችን የጤፍ እንጀራ ብቻ «እንጀራ» ነው ወደሚል ልማድ እያዘነበለች ነው፤ ይሁን እንጂ ዙሪያችን ያለው የሐረርጌ ምድር ከጥንት የኖረው በማሽላ ነው። የማሽላ እንጀራ የደኸየ ቤት ምልክት ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል። ማሽላውን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ መጋገር ሆድንም ኪስንም ይደግፋል። ማሽላ የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሆነ ዋጋው የሚረግበውም በዚያው ሰሞን ነው፤ ችግሩ በዚያን ጊዜ ኩንታል የሚገዛ ብር በእጅ አለመኖሩ ነው። የገዛ ሰው ሁሉንም ባያስፈጭ ይመከራል፤ በድሬ ሙቀት ዱቄት ቶሎ ይበላሻል፣ በደንብ የደረቀ እህል ግን በታሸገ ዕቃ ከነቀዝ ተጠብቆ ወራት ይቆያል። እንዲሁም በማንጎ፣ በፓፓያና በአምበሾክ ወራት ለልጆች በየቀኑ ለስላሳ የሚገዛ ቤት ለምን እንደሚገዛ መለስ ብሎ ቢያስብ ደስ ይለኛል።

የቤት ኪራይ ከሁሉም የከበደ ወጪ ቢሆንም በቤተሰብ ውሳኔ ብቻ የሚቀነስ ስላልሆነ እዚህ ብዙ አልቆይበትም። አንድ ነገር ግን ተከራዮች ሊያውቁት ይገባል፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በቃል ብቻ ተስማምቶ የስድስት ወር ቅድሚያ የሚከፍል ሰው፣ ለእህል ግዢ ሊያውለው የሚችለውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ያጣል።

«ችግሩ የደመወዙ ማነስ ነው፤ ስለ ቁጠባ ማውራት ድሃውን መውቀስ ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ግማሽ እውነት አላቸው። በ6,000 ብር ልጆች የሚያሳድግ ሰው የትኛውንም ደብተር ቢጽፍ ኑሮው አይሞላለትም፤ ይህንንም መንግሥትና አሠሪዎች ሊሰሙት ይገባል። ነገር ግን ደመወዙ እስኪስተካከል ድረስ ጉድለቱን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በየቤታችን አለ፤ እስካሁንም ስንሰጥ የኖርነው መልስ «እናትና ልጆች» የሚል ነው። በታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ እንግዳ ሲመጣ ማስተናገዱን፣ ለዒድም ለገናም ከጎረቤት ጋር ተጠራርቶ መብላቱን ማንም እንዲተው አልጠይቅም፤ ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ወጪ ግን በዕቁብ ወይም በመዋጮ ቀድሞ ሊዘጋጅለት እንጂ በብድር ሊሸፈን አይገባም።

በእኛ ግቢ ያለን ስድስት ቤተሰቦች ከግንቦት 2017 ጀምረን በየወሩ 300 ብር እያዋጣን እስከ ኅዳር 2018 ድረስ 12,600 ብር አጠራቅመን፣ በታኅሣሥ ማሽላውን በጋራ ገዝተን ተካፍለናል። ደንባችን አንድ ብቻ ነው፤ መዋጮው ከአባወራው ኪስ እንጂ ከአስቤዛው ብር አይነካም። ገንዘቡን የሚይዙት በግቢው ሁላችንም «አዴ» የምንላቸው ታላቅ እናት ናቸው። በሦስተኛው ወር ላይ አንዱ ጎረቤታችን 300 ብሩን ይዞ ሲመጣ፣ አዴ ብሩን ተቀብለው ከየት እንዳመጣው ጠየቁት። ዝም ሲላቸው «ይህ የሚስትህ የአስቤዛ ብር ነው፤ ለእሷ መልስና የአንተን አምጣልኝ» ብለው መለሱለት። ሦስት ቀን በርጫ ሳይቀመጥ ቆይቶ፣ ዓርብ ማታ የራሱን 300 ብር አመጣላቸው።