ከተማዋ አላነሰችም፤ ሒሳቡ ነው በሰው ገንዘብ የተጻፈው

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 2024 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ የሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የበረዶ ላይ ሆኪ ሊግ፣ ኤን ኤች ኤል፣ የአሪዞናው ክለብ ካዮቲስ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ እንዲሄድ ወሰነ። ዋጋው 1.2 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር። ውሳኔው በተሰማበት ቀን፣ ገና ሳይመሽ፣ በሬዲዮ የተሰየሙት ዐዋቂዎች ጣታቸውን የቀሰሩት ግን ክለቡን ወዳጣችው ወደ ፊኒክስ አልነበረም፤ ወደ እኛዋ የካናዳ ከተማ ወደ ዊኒፔግ ነበር። ተረኛዋ እሷ ናት፣ ትንሽ ከተማ ናት፣ ክለቧን አንዴ አጥታለች፣ ደግማም ታጣለች ይላሉ። ታክሲ የሚነዳ ሰው ከሬዲዮ ማምለጫ የለውምና ሙሉ ፈረቃዬን ይህንኑ ስሰማ ዋልኩ። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ “ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?” አለችኝ።

እስቲ ከራሷ ከፊኒክስ እንነሣ። ከነአካባቢዋ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አላት። ዊኒፔግ በ2021ዱ ቆጠራ ከነአካባቢዋ 834 ሺህ ነበረች። ክለብ የሚያቆመው የሕዝብ ብዛት ቢሆን ኖሮ ካዮቲስ ዛሬ በእብነ በረድ አዳራሽ ውስጥ ይጫወት ነበር። የተጫወተው የት ነው? በመጨረሻዎቹ ሁለት የውድድር ዘመናት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተብሎ በተሠራ፣ 4,600 ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ! ከዚያ ቀደም ብሎ ክለቡ ከስሮ ሊጉ ራሱ ከ2009 እስከ 2013 እንደ ሞግዚት ይዞት ቆይቷል። የፊኒክስ ጎረቤት የግሌንዴል ከተማ አስተዳደር ኪሳራውን ለመሸፈን በሁለት ዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር አፍስሶለታል። በ2023 ደግሞ የሌላዋ ጎረቤት የቴምፒ ነዋሪዎች አዲስ አዳራሽ ይሠራላችሁ ተብለው ሲጠየቁ በድምፃቸው እምቢ አሉ። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ልመና በኋላ ክለቡ ወዴት ተወሰደ? ከነአካባቢዋ 1.3 ሚሊዮን በቅጡ ወደማትሞላ ከተማ። ሊጉ 5 ሚሊዮን ሕዝብ ያላሳደረውን ክለብ ከዚያ ሩብ ለሚያህል ሕዝብ በሰጠበት በዚያው ሳምንት ስለ ከተማ ማነስ የሚሰብክ ሰው፣ ወይ መቁጠር አይችልም፣ ወይ እኛ መቁጠር የምንችል አልመሰለውም።

ደግሞስ ይህ ከአሪዞና የተነቀለው ክለብ የማን ነበር? የእኛው ነበር። በ1996 ከዚህ ከተማ ተነቅሎ የሄደው የመጀመሪያው ዊኒፔግ ጄትስ እሱ ነው። እንዳይሄድ ሕፃናት የሳንቲም ማጠራቀሚያቸውን ይዘው መጥተው አዋጥተውለታል። ትልቅ ገበያ ነው ወደተባለው በረሃ ወሰዱት፤ 28 ዓመት ሙሉ በውኃ እጦት ጠወለገ። ሌላዋ ‘ትልቅ ገበያ’ አትላንታም ሁለት ጊዜ ክለብ ተሰጥቷት ሁለቱንም አላቆየችም። አንዱ በ1980 ወደ ካልጋሪ፣ ሁለተኛው በ2011 ወደ እኛ መጥቶ የዛሬው ጄትስ ሆነ። ሁለቱንም የወሰዱት ከእሷ በብዙ ያነሱ የካናዳ ከተሞች ናቸው።

ለሬዲዮዎቹ ይህ ይበቃል። እኔን ከሁሉም ይበልጥ ያንገበገበኝ የራሳችን ሰዎች ንግግር ነው። በፌብሩዋሪ 2024 የክለባችን ሊቀ መንበር ማርክ ቺፕማን የዓመት ትኬት የሚገዛው ደንበኛ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ13 ሺህ ገደማ ከ9,500 በታች መውረዱን ተናገሩ። ወደ 13 ሺህ ካልተመለስን አሁን ያለንበት ሁኔታ በረጅሙ አያስኬድም አሉ። በወሩ መጨረሻ የሊጉ ኮሚሽነር ጋሪ ቤትማን ራሳቸው መጥተው ሕዝቡን ለማረጋጋት ሞከሩ። ማስፈራሪያ አይደለም ተባልን። “እሄዳለሁ አላልኩም፣ ሻንጣዬን ግን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርዱልኝ” የሚል ባል ሚስቱን ያላስፈራራ ይመስለዋል።

ነገሩን በስሙ እንጥራው። የዊኒፔግ ችግር የሕዝብ ብዛት ሳይሆን የምንዛሬ ችግር ነው። ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት እንደሌላው አያደክምም። አገር ቤት ገንዘብ ልኮ የማያውቅ፣ የባንኩንና የጥቁር ገበያውን ዋጋ በአንድ ትንፋሽ የማይጠራ አበሻ በዚህ ከተማ አላጋጠመኝም። ዕቃ በዶላር ገብቶ በብር ሲሸጥ ባለ ሱቁ ምን እንደሚሆን፣ ደንበኛው ምን እንደሚል፣ በመጨረሻም ጥፋቱ የማን እንደሚባል እናውቀዋለን። የዊኒፔግ ሆኪም እንዲሁ ነው። ተጫዋቹ ደመወዙን የሚቀበለው በአሜሪካ ዶላር ነው። እኛ ትኬት የምንቆርጠው በካናዳ ዶላር ነው።

የ2023–24 ውድድር ሊጀመር ሲል ግብ ጠባቂው ኮነር ሄለባክና አጥቂው ማርክ ሻይፈሊ እያንዳንዳቸው ለሰባት ዓመት፣ በዓመት 8.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረሙ። ከተማው በደስታ ዘለለ፤ እኔም ዘልያለሁ። ግን የየትኛው አገር ዶላር? በ2011 ክለቡ ሲመለስ የካናዳው ዶላር ከአሜሪካው እኩል ነበር፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይበልጠው ነበር። ያን ጊዜ ቢሆን 8.5 ሚሊዮን ያው 8.5 ሚሊዮን ነው። በ2024 የእኛ ዶላር 73 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ነበርና ያው ፊርማ 11.6 ሚሊዮን ገደማ ያስወጣ ነበር። ይህን ወደ መላው ቡድን እናውጣው። የ2023–24 የደመወዝ ጣሪያ፣ ማለትም አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ እንዲከፍል የሚፈቀድለት ከፍተኛ መጠን፣ 83.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር። በእኛ ገንዘብ 114 ሚሊዮን ይሆናል። ከ31 ሚሊዮን በጥቂቱ የሚያንሰው ልዩነት ለማንም ጎል አላገባም፤ ምንዛሬ በልቶት የቀረ ነው። በሜዳችን በመደበኛው ውድድር የምንጫወተው 41 ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ምሽት 750 ሺህ ዶላር። አዳራሹ የሚይዘው ከ15 ሺህ በጥቂቱ የሚበልጥ ሰው ነው። አካፍሉት፤ በአንድ ወንበር በአንድ ምሽት ወደ 50 ዶላር ይመጣል! ይህን ያሰላሁት አየር ማረፊያው ወረፋ ላይ ቆሜ በደረሰኝ ጀርባ ነው። የሒሳብ ዐዋቂዎች ክለቡ ዶላር ቀድሞ ይገዛል፣ ከሊጉ የጋራ ገቢም ድርሻ አለው፣ ሁሌም ጣሪያውን አይነካም ይሉኛል። ይበሉ። 50ውን 30 አድርጉት። አራት ወንበር የያዘ ቤተሰብ በዓመት ስንት እንደሚሆንበት እነሱው ያስሉልን።

ታሪኩም ይኸንኑ ይመሰክራል። የካናዳ ዶላር በደከመባቸው ዓመታት የሆነውን ተመልከቱ። በ1995 የኩቤክ ሲቲ ክለብ ወደ ዴንቨር ሄደ። በ1996 የእኛው ሄደ። በ1998 ኤድመንተን የተረፈችው ከ30 በላይ የአካባቢው ባለሀብቶች ተሰብስበው ክለባቸውን ስለገዙት ነው። በ2000 የፌዴራሉ መንግሥት የካናዳ ክለቦችን እረዳለሁ ብሎ፣ የሕዝቡን ቁጣ ሲያይ በሦስተኛው ቀን ቃሉን አጠፈ። በ2001 ሞንትሪያል፣ አዎን፣ የሆኪ ቅድስት ከተማ የምትባለው ሞንትሪያል፣ ክለቧን ለአንድ አሜሪካዊ ሸጠች። በ2003 የዋና ከተማዋ የኦታዋ ክለብ ከአበዳሪዎቹ የሚያስጥለው የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ሞንትሪያል ትንሽ ከተማ ናት? ዶላሩ ሲያገግም ደግሞ በ2011 ክለቡ ወደ ዊኒፔግ ተመለሰ። የዓመት ትኬቱ ለሕዝብ በተከፈተ በ17 ደቂቃ ውስጥ አለቀ፤ ተሰልፎ የቀረው 8 ሺህ ሰው ተጠባባቂ ሆኖ ተመዘገበ። ይህ ሕዝብ በ1996 አይወድም ነበር፣ በ2011 ወደደ፣ በ2024 ደግሞ ጠላ? የሚወጣና የሚወርደው ፍቅሩ ሳይሆን ሳንቲሙ ነው።

አንድ ነገር ተለውጧል፤ እሱንም ልንገራችሁ። በ1996 የእኛ ዶላር ስንት ነበር? 73 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ፣ ልክ እንደ 2024ቱ። ያን ጊዜ ግን የደመወዝ ጣሪያ አልነበረም፤ ኒውዮርክ የፈለገችውን ትከፍል ነበር። ጣሪያው የመጣው በ2005፣ የክለብ ባለቤቶች በተጫዋቾቹ ላይ በር ዘግተው አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ከተቃጠለ በኋላ ነው። እንግዲህ በዚያው ምንዛሬ፣ በተሻለ ሕግ፣ ከ1996ቱ ከ160 ሺህ በላይ ሰው የጨመረች ከተማ ይዛችሁ አይሆንም የምትሉት ስለምንድን ነው?

አዳራሹ ትንሽ ነው? ትንሽ ነው። በከተማዋ የትልልቅ ኩባንያዎች ዋና መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው? ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የዓመት ትኬት የተያዘው በግለሰብ ኪስ ነው። ለዚህም ነው የማዕከላዊ ባንኩ ወለድ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ከ0.25 ወደ 5 በመቶ ሲወጣ መጀመሪያ የቀረው የሆኪ ትኬት የሆነው። የቤት ዕዳውን ያደሰ ሰው ከልጁ ጫማና ከሆኪ ቢመርጥ በከዳተኛነት የምትከሱት ምን ሆናችሁ ነው?

ባለቤቶቹስ? ቺፕማንና በካናዳ የሀብት ደረጃ ቀዳሚ የሆነው ቤተሰብ አባል ዴቪድ ቶምሰን ክለቡን በ2011 ያመጡት ለሊጉ የተከፈለውን 60 ሚሊዮን ጨምሮ በ170 ሚሊዮን ዶላር ነው። በ2024 ቤት አልባው ካዮቲስ 1.2 ቢሊዮን አወጣ። 170 ሚሊዮኑ ዛሬ ስንት እንደሆነ ለመገመት ደረሰኝ እንኳ አያስፈልግም። እንዲህ ያለው ኪሳራ ለእኔም ይምጣብኝ።

ከውሳኔው በኋላ በነበረው እሑድ ምሽት የጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ጨዋታ ነበር። የ14 ዓመት ልጄን ይዤ ከጣሪያው ሥር ካሉት ወንበሮች ላይ ተቀመጥኩ። በጥሎ ማለፍ ጊዜ እዚህ ሰው ሁሉ ነጭ ይለብሳል። ነገሩ የተጀመረው በ1987 ነው፤ የካልጋሪ ደጋፊዎች ቀይ ለብሰው ሲመጡ የዊኒፔግ ሰው በነጭ መለሰላቸው። ልጄ የእናቷን ነጠላ ተከናንባ ነበር። ከጎናችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የጥለቱን ጫፍ በጣታቸው ዳስሰው ለጄትስ ተብሎ የተሸመነ እንደሆነ ጠየቋት። የለም፣ ለቤተ ክርስቲያን ነው አለቻቸው። ሽማግሌው በ1996 የመጨረሻውን ጨዋታ ያዩት ከወንድማቸው ጋር እንደነበርና ወንድማቸው ክለቡ ሲመለስ ለማየት እንዳልደረሱ አጫወቱን። ሁዳዴ ነውና እኔና ልጄ የተጠበሰ ድንች ብቻ ይዘን ሦስቱን ክፍለ ጊዜ ጨረስን። ኮሎራዶን 7 ለ 6 አሸነፍን። ሄለባክ ስድስት ገባበት፤ በዚያ ምሽት ማንም አላስታወሰበትም። በሰባተኛው ጎል ሽማግሌው ያቀፉት ልጄን ነው።

በየእሑዱ ጠዋት በቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ይወጣል። ከእኛ ሌላ የፊሊፒኖው፣ የፑንጃቡ፣ የናይጄሪያው ማኅበር አለ። ይህችን ከተማ ከ1996 ወዲህ ያሳደጋት በአብዛኛው ይህ ስደተኛ ነው። በዚያ ደጃፍ ላይ በቆምኩባቸው ዓመታት የመድን ሻጭ መጥቷል፣ የምርጫ ተወዳዳሪ ከነበራሪ ወረቀቱ መጥቷል፣ የቤት ደላላማ ደብሩን ከዲያቆናቱ ይበልጥ ያውቀዋል። ከሆኪው ክለብ ግን አንድ ሰው መጥቶ ለልጆቻችሁ ይኸው አንድ ምሽት በቅናሽ ሲል አላየሁም። 8 ሺህ ተጠባባቂ ባላቸው ዓመታት አላስፈለግናቸውም ነበር። በ2024 የጎደላቸው 3,500 ሰው ነበር፤ የፈለጉት ግን እዚያው በድሮው መዝገብ ውስጥ፣ ዕዳው ባጎበጠው ሰው ስም ሥር ነው።

ሁለተኛው ጨዋታ ማክሰኞ ነበር። ልጄ የእናቷን ነጠላ እስካሁን አልመለሰችም።