«አልጋ 7» ስም አይደለም

ወገኖቼ፣ ሐኪም ሲያመናጭቀን «አንጀት የሌለው!» ብለን እናማለን። ልክ ነው፣ ያናድዳል። ግን ማን አሳደገው? ልጃችን ሕክምና ትምህርት ቤት ሲገባ የምንጠይቀው «ስንት አመጣህ?» ብቻ ነው። «ታማሚዎችህን ቁጭ ብለህ ታዋራለህ ወይ?» ያልን ስንቶቻችን ነን?

የምታስተምሩ ደግሞ፣ ቁጣዬ ይበልጥ በእናንተ ላይ ነው። ዘመድ ሳስታምም አንድ ጠዋት ራውንድ (ሐኪሙ ተማሪዎቹን ይዞ አልጋ ለአልጋ የሚዞርበትን) አየሁ። ነጭ ጋውን የለበሱ ስምንት ሰዎች የጎረቤታችንን አልጋ ከበቡ። መምህሩ «አልጋ 7፣ የኩላሊቷ» አለና አንሶላውን ሳያስፈቅድ ገለጠው። ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፈነች። አንዲት ተማሪ ቀስ ብላ እግሯን አለበሰቻት። መምህሩ ወዲያው ጥያቄ ወረወረላት። ስትደናገር «አንቺ እዚህ ምን ልታደርጊ መጣሽ?» ብሎ በሁሉ ፊት አሸማቀቃት። ቀጣዩ አልጋ ጋ ልጅቷ እጇን ኪሷ ከታ ቆመች። ያን ቀን የተማረችው ስለ ኩላሊት አይመስለኝም።

በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የሕክምና ተማሪዎችን ከዓመት ዓመት ተከታትሎ ነበር። የሌላውን ስሜት የመረዳት ነጥባቸው በጣም የወረደው በ3ኛው ዓመት ነው። ከክፍል ወጥተው ታማሚ አጠገብ መዋል በሚጀምሩበት ዓመት ማለት ነው! እኛ ይጨምራል ስንል እሱ ይሸሻል።

«ርኅራኄ ተፈጥሮ ነው፣ አይማሩትም» የምትሉም እባካችሁ ተዉን። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሐኪሞች ታማሚውን በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡት አሳይቷል። አለማቋረጥ ደግሞ ልምምድ ነው። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠልጥነው ታማሚ ሆነው የሚተውኑ ሰዎች አሉ። ተማሪው መርምሮ ሲጨርስ «ስታናግረኝ ዓይንህ ወረቀቱ ላይ ነበር» ይሉታል። ይህን ከታማሚ አፍ መስማት ከመቶ ሌክቸር ይበልጣል። (እኔን ቢሉኝ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አይወስደኝም።)

ጠዋት ተውኔት፣ ከሰዓት ስድብ ከሆነ ግን ተማሪው ይዞ የሚሄደው የከሰዓቱን ነው። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረን ልጅ እያዋረዳችሁ «ለታማሚ እዘን» አትበሉት።

ስለዚህ መምህራን፣ ነገ ራውንድ ላይ አንሶላው ከመነሳቱ በፊት ስሟን ጠይቁ፣ አስፈቅዱም። ወላጆችም፣ ልጁ ዛሬ ማታ ሲደውል ውጤቱ ይቆያችሁ። ድምፁ ከደከመ «ምን አየህ?» በሉት፤ ከዚያ ሳታቋርጡ ስሙት።