መርዶ በፌስቡክ

ጀርመን ስልክ ለመደወል ያስፈቅዳል። አብሮኝ የሚሠራ ሰው እንኳ «ከሥራ በኋላ ብደውል ይመችሃል?» ብሎ መጀመሪያ በጽሑፍ ይጠይቃል። እናቴ ብትሰማ «ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?» ትላለች። ስልክ ሲያነሱም የቤተሰብ ስማቸውን ጠርተው ዝም ነው፤ ከብቱ እንዴት ነው፣ አዝመራው እንዴት ነው የለም። ቀዝቃዛ ናቸው እያልን ስናማቸው ኖርን።

ሰው ሲሞትባቸው ግን ጠርዙ ጥቁር የሆነ ካርድ በፖስታ ይልካሉ። ቀብራቸው ብዙ ጊዜ ሳምንትና ከዚያ በላይ ስለሚቆይ ካርዱ ይደርሳል።

እኔ የአክስቴን ሞት የሰማሁት ፍራንክፈርት ውስጥ፣ ባቡር ላይ፣ ከፌስቡክ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለው የአጎቴ ልጅ ፎቶዋን ለጥፏል። «ዛሬስ አምራለች» ብዬ ላይክ ልሰጥ ስል ከሥሯ ያለውን ሻማ አየሁ። በዚያ ሰዓት ተቀብራ፣ ድንኳኑም ሞልቷል።

ኧረ እባካችሁ! መርዶ እኮ ሥርዓት ነበረው። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ፤ ገና ስታያቸው ይገባሃል፣ ስትወድቅ ግን የሚይዝህ አለ። ደብረ ማርቆስ እኮ እድሩ ዛሬም ጡሩምባ ያስነፋል፤ የእድርተኛው ስልክ ጠፍቶ ነው? ስወቅሰው የመለሰልኝ፣ «ሁሉም ሲለጥፍ እኔ ዝም ብል ምን ይሉኛል?» ነው። ይሉኝታውም ፌስቡክ ገብቷል ማለት ነው።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ለወራት ከጎጃም ፎቶ የሚባል አልመጣም። ያን ሰሞን እዚህ ያለ አንድ የቢቸና ልጅ አባቱ ሞቱበት። ወሬው በአዲስ አበባ ዞሮ ለአንድ ዲያቆን ደረሰ፤ ዲያቆኑ እኛን ሰብስቦ ንጋት ላይ ሄደን አረዳነው። ጩኸቱን የሰማች ጎረቤት ፖሊስ ጠርታ ሁለት ፖሊሶች ደረጃውን እየሮጡ ወጡ። ሰው እንዳልተገደለ ለማስረዳት የፈጀብን ጊዜ! ልጁ ግን በሰው መሀል አለቀሰ። ኢንተርኔት ይዘጋ እያልኩ አይደለም፤ በዚያው ወቅት ስንቱ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ከርሟል።

የአጎቴ ልጅ ሊክሰኝ ፈልጎ የአርባዋን ተዝካር በቪዲዮ በቀጥታ አሳይሃለሁ ብሎኛል። ጠላውን በምን እንደሚልክልኝ ግን አልነገረኝም።